የመስኮት ሹም

ሃያ ነበሩ። ሃያውም አውቶቡሶች ማታ ሲገቡ ጀርባቸውን ለእኛ ቤት ሰጥተው ይቆማሉ። እንዲያ ሲሆን ጠዋት ፊታቸው ወደ ዋናው በር ስለሚሆን ማንም ወደ ኋላ ልንዳ ሳይል፣ ማንም ከማንም ሳይጋጭ ቀጥ ብለው ይወጣሉ። የጋራዡ ደንብ ነው። እኛ የምንኖረው ከጋራዡ ግንብ ጋር ተያይዘው ከተሠሩት ስድስት የሠራተኛ ቤቶች በመጨረሻው ነበር፤ አንድ ክፍል፣ አንድ በር፣ አንድ መስኮት። መስኮቱ የሚከፈተው ወደ ግቢው ነው። እጄን ዘርግቼ ብንጠራራ የመጀመሪያውን አውቶቡስ የኋላ መብራት እነካው ነበር።

አባዬ ሞተር አሟቂ ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ አለ ወይ ትሉ ይሆናል፤ ያኔ ነበር። አውቶቡሶቹ የፋብሪካ ሠራተኛ የሚያመላልሱ አሮጌ የናፍጣ መኪኖች ናቸው። በጠዋት ብርድ ተነስተው ወዲያው መሄድ አይሆንላቸውም፤ የፍሬናቸው አየር እስኪሞላም ንቅንቅ አይሉም። ስለዚህ ሾፌሮቹ ከመምጣታቸው በፊት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ አባዬ ከአንዱ ወርዶ ወደ ሌላው እየወጣ ሃያውንም ያስነሳቸዋል። ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ቆመው ያጓራሉ። ሾፌሮቹ "ጋሽ አሙቄ" ይሉታል። የሃያው ቁልፍ በአንዲት የእንጨት ሳጥን ሆኖ የሚያድረው እኛ ቤት፣ ከእነአባዬ አልጋ ራስጌ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩና ከአባቴ የበለጠ ባለሥልጣን በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። ሃያ ቁልፍ ያለው ማን አለ?

እኔም ሹመት ነበረኝ።

ታናሽ እህቴ ጩጬ አራት ዓመቷ ነው። አስም ነበረባት። እኛ ቤት ግን በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ "ያ ነገር" ነበር የሚባለው። "ያ ነገር ተነሳባት።" "ያ ነገር ዛሬስ ተዋት?" ሲነጋጋ መጀመሪያ ትንሽ ደረቅ ሳል፣ እህህ ብሎ እንደሚያሾፍ ሰው። ከዚያ ደረቷ ሲር ሲር ይላል። ቁጭ ትልና ሁለት እጇን አልጋው ላይ ተክላ ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ትስባለች፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የአንገቷ ሥር ጎድጎድ ይላል። አታለቅስም። ለማልቀስም እኮ ትንፋሽ ያስፈልጋል። እኔ ይኼን ያኔ አላውቅም፤ ጎበዝ ሆና መስሎኝ እቀናባት ነበር።

አንድ ቀን እማዬ ጩጬን አዝላ፣ እኔን በእጇ ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችን። ሐኪሙ ደረቷን አዳመጠ፣ ጀርባዋን አዳመጠ፣ መነጽሩን አወለቀ።

"ይቺ ልጅ ቤት ውስጥ የምትተነፍሰው ምንድነው?"

"ምን ትተነፍሳለች? አየር ነዋ!" አለች እማዬ፣ ትንሽ ተቀይማ።

"ንጹሕ አየር ያስፈልጋታል። የታፈነ ቤት ለእሷ አይሆንም።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እኔ በሩ ጋ የተሰቀለ ሥዕል የማይ መስዬ ጆሮዬን አቁሜ ነበር። "እንዲህ እየደጋገማት ከሄደ፣ አንድ ቀን እኔ ጋ ሳትደርሱ እንዳይሆን ነው የምፈራው።"

 አባዬ ማታ እንደ ገባ እማዬ ያን ንጹሕ አየር የሚባለውን ነገር እንደ መድኃኒት ማዘዣ ቃል በቃል ነገረችው። አባዬ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ ቃኘ። ያለን አንድ መስኮት ነው። ወደ እኔ ዞረና በዘይት የጠቆረ ጣቱን ግንባሬ ላይ አደረገ።

"አንቺ ከዛሬ ጀምሮ የመስኮት ሹም ነሽ። እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ እናትሽ እሷን ትይዛለች። ሳሏን እንደ ሰማሽ ብድግ ብለሽ ወለል አድርገሽ መክፈት ነው።"

"ብርዱስ?" አለች እማዬ።

"ብርድ በብርድ ልብስ ይመለሳል። አየር ከየት ይመጣል?"

ሹመቴን እንዴት እንደ ተወጣሁ ምን ልንገራችሁ! ከዚያ በኋላ እንቅልፌ እንደ ወፍ ሆነ። እህ ስትል ከአልጋ ዘልዬ መቀርቀሪያውን ስቤ ሁለቱን ክንፍ በኃይል እከፍታቸዋለሁ። የሚገባው አየር ሞቅ ያለ ነበር። የናፍጣው ሽታ የአባቴ ሽታ ነው፤ ሲመጣ ደስ ይለኛል፣ ልክ አባዬ ራሱ ገብቶ አጠገባችን የቆመ ይመስለኛል። ጩጬ ግን እየባሰባት ይሄዳል። እየባሰባት በሄደ ቁጥር እማዬ "ክፈቺው! አሁንም ወለል አድርጊው!" ትለኛለች፤ እኔም መጋረጃውን ጭምር እሰበስባለሁ። ያ ነጭ መጋረጃ በሳምንት ይታጠባል፣ በሳምንቱ አመድ ይመስላል። የመስኮቱን ደፍ እማዬ ጠዋት በጨርቅ ስትወለውለው ማታ ጥቁር ነው። "ይኼ አቧራ ከየት ነው የሚመጣው?" ትላለች። ከየት እንደሚመጣ እያየነው እኮ ነው። ፊታችን ቆሞ ያጓራል። ግን ያ ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ በሽታ ያመጣል ብሎ ማን ያስባል?

ዛሬ የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት በር ላይ ወላጆች መኪናቸውን ሳያጠፉ ቆመው ልጅ ሲጠብቁ ሳይ አላስችል ይለኛል። መስታወታቸውን እያንኳኳሁ "አጥፉት እባካችሁ፣ ሕፃናት ናቸው" እላለሁ። ልጄ "እማዬ፣ በናትሽ አታሳፍሪኝ" ትለኛለች። ትፈር። የእሷም ልጅ ደረቱ እንደ ጩጬ ነው።

የሚገርመው እሑድ ነበር። እሑድ ፋብሪካው ዝግ ነው፤ አውቶቡሶቹ እንደ ቆሙ ይውላሉ፣ አባዬም ከእኛ ጋር ተኝቶ ያረፍዳል። እሑድ ጩጬ አታስልም። ሰኞ ትጀምራለች። አንድ እሑድ እማዬ ጩጬን አባዬ ሆድ ላይ ተቀምጣ ጺሙን ስትነጭ አይታ፦

"ተመልከታት እስቲ። ያ ሁሉ አባቷን ስታጣ ነው እንጂ በሽታ አይደለም" አለች።

"አሁን እኔን ናፍቃ ነው የምታስለው?" አባዬ ሳቀ።

"ምነው፣ ልጅ አይናፍቅም? ስታይህ ትድናለች፣ ስትወጣ ይነሳባታል። ሌላ ምን ልበል?"

እማዬ ነፍሷን ይማረውና ያን ስትል እንዲሁ ለመጽናናት ነበር። እኔ ግን ያዝኩት። ነገሩ እንደ ቀን ብርሃን ግልጽ ሆነልኝ፦ ጩጬ የሚያማት አባዬ ሲወጣ ነው። አባዬ የሚወጣው ቁልፉ ስላለ ነው። ሐኪሙ ያን ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ የተናገረው ነገር ከሆዴ አልወጣ ብሏል። ስለዚህ ቁልፉ መጥፋት አለበት።

በዚያው ማታ እራት ቀርቦ አባዬ እጁን ሊታጠብ ወደ ደጅ ሲወጣ፣ እማዬም ጀርባዋን ስትሰጥ፣ ሳጥኑን አነሳሁ። ሃያ ቁልፍ ይከብዳል። እንዳይንኳኳ በሹራቤ ጠቀለልኩትና ጩጬ እግር ሥር፣ ከብርድ ልብሱ በታች ወሸቅሁት። እሷ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። እግሯ አጭር ስለሆነ እዚያ ድረስ አይደርስም።

ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አባዬ ተነሳ። እጁ በልማድ ወደ ራስጌው ሄደ፤ ባዶ ነው። አልጋው ሥር አየ። መደርደሪያው ላይ አየ። እማዬ መብራት አበራችና ሁለቱም በሹክሹክታ ቤቱን ያገላብጡት ጀመር።

"ማታ አስቀምጠኸዋል?"

"መቼ ሳላስቀምጥ ቀርቼ አውቃለሁ?"

"ምናልባት ቢሮ..."

"አንቺ ሴት፣ በእጄ ነው ያስቀመጥኩት!"

እኔ የተኛሁ መስዬ በብርድ ልብሴ ቀዳዳ አያለሁ።  አባዬ ወደ ጩጬ አልጋ መጣ። ጎንበስ አለ። ከእግሯ በኩል ብርድ ልብሱን ገለጠ። አለቀልኝ አልኩ። ጎንበስ እንዳለ ቆየ፤ ረዥም ጊዜ ቆየ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ቀስ አድርጎ መልሶ አለበሳት፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። አላየውም! ዐይኑ ሥር ያለውን አላየውም! በደስታ ሳቅ ሊያመልጠኝ ሲል ትራሴን ነከስኩ።

እየነጋ ሄደ። ሾፌሮቹ መምጣት ጀመሩ። ግቢው ጸጥ ብሎ ስላገኙት ግራ ገብቷቸው በመስኮታችን በኩል ተሰበሰቡ።

"ጋሽ አሙቄ! ዛሬ በእጅህ እያሻሸህ ልታሞቃቸው ነው እንዴ?"

"ተዉት፣ ሚስቱ ቁልፉን ደብቃበት ነው፤ መጀመሪያ ልብስ አጥቦ ይውጣ ብላ!"

"ታዲያ ዛሬ ለእኛም እረፍት ነው በሉኛ። እኔ ልመለስና ልተኛ!"

ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ተቋረጠ፤ የስምሪት ኃላፊው መጣ ማለት ነው። ያ ሰው ሲቆጣ ድምፁ ይቀጥናል።

"ሺህ ሠራተኛ መንገድ ላይ ቆሟል! አንተ ሰውዬ ምን እየሠራህ ነው?"

"ቁልፉን እየፈለግሁ ነው፣ አለቃ" አለ አባዬ። ከአልጋው ጠርዝ ሳይነሳ ነው ያለው።

ፀሐይ ግንቡን አልፋ ገባች። ጩጬ ዐይኗን ገልጣ አባቷን አጠገቧ አየችና ፈገግ አለች። አንድም ሳል የለም። በጀርባዋ እንደ ተኛች ነው የነቃችው። ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ፤ ይኸው፣ አባዬ ሲቀር ዳነች!

ያኔ አባዬ ብርድ ልብሱን ገልጦ ሳጥኑን አወጣ። "እዚህ ነው ለካ" አለ፣ ለማንም ሳይሆን። ወደ እኔ መጣና ተንበረከከ። ጆሮዬን ሊይዘኝ ነው ብዬ ዐይኔን ጨፈንኩ።

"ዛሬ መስኮቱን ከፍተሽ ነበር?"

"አልከፈትኩም" አልኩ። "አላሳለችማ።"

ወደ መስኮቱ አየ፣ ወደ ጩጬ አየ፣ እንደገና ወደ መስኮቱ። ፊቱ እንዳላውቀው ሆነብኝ።

"ከእንግዲህ መስኮቱን አትክፈቺ" አለኝ። "ብታስልም። እናትሽ ብትልሽም። ሰማሽ?"

ከሹመቴ ተሻርኩ። አልተገረፍኩም፣ አልተቆጣኝም፤ ይኼ ግን ከዱላ ባሰብኝ። ሲወጣ ጠብቄ ወደ ግድግዳው ዞሬ አለቀስኩ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ቤታችን ውስጥ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ፤ ለእኔ የነገረኝ ግን የለም። እማዬ በመስኮቱ ስንጥቅ ሁሉ አሮጌ ጨርቅ ጠቀጠቀች። ጩጬ ትንሽ ተሻላት፣ ግን ሽታው በበሩ ሥርም ይገባል፤ ሲሩ አልተዋትም። አባዬ ደግሞ ማታ ማታ በየጎረቤቱ እየዞረ ቆሞ ማውራት አመጣ። እኔ ስለ ጠፋው ቁልፍ የሚጠይቅ፣ ሌባውን የሚፈልግ መሰለኝና በየጥጋጥጉ መደበቅ ጀመርኩ።

በሳምንቱ ይመስለኛል፣ እማዬ ለአባዬ ዳቦና ሻይ አስይዛ ቢሮ ላከችኝ። የስምሪት ኃላፊው በር ገርበብ ብሏል። ሻዩ እንዳይፈስ በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ።

"...ማታ ሲገቡ ፊታቸውን ወደ ግንቡ አድርገው ይቁሙ ነው የምለው" ይላል አባዬ። "ጭሱ ወደ ሜዳው እንዲሆን።"

"ጠዋትስ? ሃያ አውቶቡስ በኋላ ማርሽ ሊወጣ? ማን ሊያስወጣቸው?"

"እኔ። እየመራሁ፣ አንድ በአንድ።"

"ሰዓቱስ?"

"ቀድሜ እነሳለሁ።"

"እንዴ! ለአንዲት ልጅ ሳል ሃያ አውቶቡስ ፊቱን ያዙር?"

"አንዲት አይደለችም፣ አለቃ። ከስድስቱ ቤት በአራቱ የሚያስል ልጅ አለ። ዞሬ ቆጠርኳቸው።"

ከዚያ ኃላፊው በቀጭኑ ድምፁ፦ "ስማ። የዚያ የቁልፉ ጠዋት ነገር እኮ ገና ከላይ አልተረሳልህም።"

ስለ ማዞርና ስለ ሳል የተባለው ሁሉ በጆሮዬ ገብቶ በጆሮዬ ወጣ። "የቁልፉ ጠዋት" የሚለው ብቻ እዚያው ቀረ። ሻዩን ደፉ ላይ አስቀምጬ ሮጥኩ።

በወሩ መጨረሻ አባዬ ሳጥኑን አስረከበ። ቤቱም ከሥራው ጋር የሚሄድ ስለነበር ዕቃችንን በጋሪ ጭነን ከከተማው በላይ ወዳለው የችግኝ ጣቢያ ወጣን። አባዬ እዚያ ጠባቂና ውሃ አጠጪ ሆነ። ሃያ ሞተር በጣቱ የሚያስነሳው ሰው ባልዲ ይዞ በችግኝ መሀል ይንጎራደድ ጀመር። ከሾፌሮቹ አንዱ ሊጠይቀን መጥቶ "ጋሽ አሙቄ፣ አሁን ደግሞ ጋሽ አጠጤ ሆንክ?" ሲለው አባዬ ከት ብሎ ሳቀ። እኔ ልሞት ደረስኩ። አባቴን ያዋረድኩት እኔ ነኝ።

ይኼን ሠላሳ ዓመት ተሸከምኩት። እውነቴን ነው። አባዬ እስኪሞት ድረስ ዐይኑን አይቼ አልነገርኩትም። የመጀመሪያ ልጄ ታማ እማዬ ልትረዳኝ እኔ ቤት በሰነበተች ጊዜ፣ ወጥ ቤት ድንች እየላጥን ሳለ ድንገት አወጣሁት።

"እማዬ፣ ያን ጊዜ ቁልፉን የደበቅሁት እኔ ነበርኩ።"

ቢላዋውን አስቀመጠች። "ታዲያ ማን ሊሆን ነው? በሹራብሽ ጠቅልለሽው!"

"አወቃችሁ?"

"አባትሽ ያገኘው ገና ሳይነጋ ነው እኮ፣ አንቺ ሞኝ! ብርድ ልብሱን ሲገልጥ ሳጥኑን አየው። ሊቆጣሽ ወደ አንቺ ሊዞር ነበር። ከዚያ ቆመ። ትንፋሿን ሰማዋ! ሰኞ ነው፣ ሊነጋ ነው፣ ልጅቷ ደግሞ እንደ እሑድ ተኝታለች። በጣቱ ዝም በይ አለኝና ቁጭ አለ። እኔ ልቤ ሊወጣ ነው፤ 'አንተ ሰውዬ፣ ሥራህ ነው እኮ!' እለዋለሁ በጆሮው። 'ቆይ እስቲ፣ ትንሽ እንስማት' ይላል። ፀሐይ እስክትወጣ ሰማት።"

"ያባረሩት በዚያ አይደለም?"

"ማን አባረረው? አውቶቡሶቹን አናዞርም ሲሉት ራሱ ጥሎ ወጣ። ሌላ ሰው አገኙና ሥራውንም ቤቱንም ሰጡት። ልጅ ያለው ሰው።" ድንቿን አነሳች፤ መላጡን ግን አልቀጠለችም። "እሱን የሚያንገበግበው የነበረው ሌላ ነው። መስኮት ላይ የሾመሽ እሱ መሆኑ።"

ያን ከሰማሁ በኋላ ችግኝ ጣቢያው እንደገና ሌላ ቦታ ሆነብኝ። ጩጬ እዚያ ወጥታ ጨርሳ ዳነች አልልም፤ አስም እንዲያ አይደለም። ዛሬም ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ የሚነፋውን መድኃኒት ከቦርሳዋ አትለይም፤ ከተማው በጢስ በታፈነ ቀን ሦስቴ ደውዬ ካላረጋገጥኩ አልቀመጥም። እነዚያ የሚያስሉ ልጆች የነበሯቸው ሦስት ቤቶችም እዚያው ግንቡ ሥር ቀሩ። ምን እንደ ሆኑ አላውቅም። አንዳንዴ ፊታቸው ይመጣብኛል።

ግን አንድ ቀን አለ። በወጣን በሁለተኛው ወር ነው። እኛ ጩጬን ዝምተኛ ናት እንል ነበር፤ "ረጋ ያለች ልጅ፣ ትልቅ ሰው የምትመስል" እያለች እማዬ ለሰው ታወራላት ነበር። ለካ ለወሬ የሚተርፍ ትንፋሽ ስላልነበራት ነው። ያን ቀን ከሰዓት አባዬ ችግኙን ያጠጣል፣ እኔ ከኋላው አረም እነቅላለሁ፣ ጩጬ ባዶ ባልዲ ደፍታ ተቀምጣለች። ወሬ ጀመረች። አንድ ጉንዳን አየሁ ብላ ጀመረች። ጉንዳኑ ወዴት እንደሚሄድ፣ ሚስቱ ምን እንዳለችው፣ ልጆቹ ስንት እንደሆኑ፣ ከልጆቹ አንዱ ጫማ ጠፍቶበት እንዴት እንደ ተቆጣ፣ ጫማውን የወሰደው ወፍ እንደሆነ፣ ወፉም ጫማ የሚያስፈልገው እግሩ ቀጭን ስለሆነ እንደሆነ፤ ሳታቆም፣ ሳትተነፍስ ማለት ይቻላል፣ ትለቀዋለች።

"ኧረ በፈጠራችሁ፣ ይቺን ልጅ አንድ በሏት!" አለች እማዬ ከደጃፉ። "ጆሮዬን በላችው!"

"ተያት" አለ አባዬ። "ተያት፣ ታውራ።"

ባልዲው በእጁ እንደ ተንጠለጠለ መሀል መስመሩ ላይ ቆሟል። ውሃው በጫማው ላይ ይንጠባጠባል፣ አያየውም። ዐይኑ እንባ ሞልቷል።

ደክሞት መሰለኝ። የለመደው ሥራ ስላልሆነ፣ በእኔ ምክንያት። ሮጬ ሄጄ ባልዲውን ከእጁ ተቀበልኩትና የቀረውን መስመር እኔ አጠጣሁ።